የሚያሳይ መብራትና የሚያሳውር መብራት

ማታ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ብርሃን የነዳ ሰው እንደሚያውቀው፥ የከተማው የመንገድ መብራት ከለገጣፎ በኋላ እየሳሳ ሄዶ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ነጂው የሚያየው መኪናው ወደ ፊት የምትረጨውን ብርሃን ያህል ብቻ ነው። አህያም ሆነ እግረኛ፥ ጉድጓድም ሆነ ተበላሽቶ የቆመ የጭነት መኪና፥ ብርሃኑ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ለነጂው እንዳልተፈጠረ ይቈጠራል። እንግዲህ መኪና ያለው ሰው፥ ይልቁንም ገና ወጣትና መንገድ የሚያስቸኩለው ከሆነ፥ «መብራቴን በምን ላጠንክረው?» ብሎ ቢያስብ የሚፈረድበት አይሆንም።

ይህን ጥያቄ ያነሣ አንድ ወዳጅ አለን። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በአንድ መሥሪያ ቤት ከተቀጠረ አራት ዓመቱ ነው። ደብረ ብርሃን የሚኖሩትን እናቱን ለመጠየቅ በየወሩ አንድ ዓርብ ከሥራ እንደ ወጣ ይነሣል፤ ስለዚህ መንገዱን ሁልጊዜ የሚያገኘው በጨለማ ነው። የሚነዳት ኮሮላ ዕድሜዋ ከባለቤቷ ዕድሜ እምብዛም አያንስም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ እንዲህ ያለችውን አሮጌ መኪና ጠግኖና ተንከባክቦ ማቈየት ለብዙ ሰው የግድ ሆኗል። ወዳጃችንም መኪናውን ይወዳታል፤ መብራቷን ግን «ከጧፍ አይሻልም» እያለ ሲያማርር እንሰማው ነበር።

አንድ ቀን ከሱማሌ ተራ ሁለት የኤል ኢ ዲ አምፖሎች ገዝቶ መጣ። በካርቶኑ ላይ «20,000 ሉመን፥ 6,000 ኬልቪን» ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል። አሮጌዎቹን አምፖሎች ነቅሎ አዲሶቹን ለመትከል ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ማብሪያውን ሲነካው ግቢው በሙሉ እንደ በረዶ ነጣ፤ የጎረቤት ልጆች አጨበጨቡ። እኛም ተደነቅን፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀናን።

በሚቀጥለው ዓርብ አብረነው ተጓዝን። ሰንዳፋን ስናልፍ ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር ያለው አስፋልት ነጭ አንሶላ የተነጠፈበት ይመስል ነበር። ወዳጃችን «አያችሁ? መርፌ ቢወድቅ ይታያል» እያለ ደስታውን ሊደብቅ አልቻለም። ነገር ግን ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ ረጅም መብራቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ እያደረገ ያልፈን ጀመር። እኛ የምንሄደው በአጭሩ መብራት ስለ ነበረ ነገሩ ገረመን። ወዳጃችን ግን «ቅናት ነው» ብሎ ሳቀ።

አለልቱን አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና መጣ። እንደ ሌሎቹ ብልጭ አደረገ፤ መልስ ቢያጣ ደግሞ ተናደደና ያለውን መብራት ሁሉ ለቀቀብን። በዚያች ቅጽበት መንገዱም ዳሩም ጠፋን። ወዳጃችን ፍሬን ያዘ፤ አይሱዙው እየጮኸ አለፈ፤ የእኛም ዐይን ቀስ በቀስ ሲመለስ፥ ጭድ የተጫኑ ሁለት አህዮች ከነባለቤታቸው ጥቂት እርምጃ ሲቀረን ከፊታችን ቆመው አገኘናቸው። ጎማችን ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ ነው የቆመው። ባላገሩ በትሩን እንደ ያዘ ወደ መስኮቱ ቀረበ። ይሰድበናል ብለን ስንጠብቅ፥ የመኪናዋን መብራት አንድ ጊዜ ወዳጃችንን አንድ ጊዜ እያየ፥ «ጌታው፥ ይህን ሁሉ መብራት ይዘህ እኔን አጣኸኝ?» አለ።

ከዚያ በኋላ እስከ ጫጫ ድረስ ማንም የተናገረ የለም።

በነጋታው ወዳጃችን ልጅ ሳለ የሚያውቃቸው አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ሄድን። ጋራዣቸው ከአንድ መኪና በላይ አይችልም። የማታውን ታሪክ በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ፥ «በል ልጄ፥ ሲመሽ ይዘሃት ና፤ መብራት በቀን አይመረመርም» ብለው አሰናበቱን። አመሻሽ ላይ ስንመለስ ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም። መኪናዋን ከጋራዡ ግድግዳ አምስት ሜትር አርቀው አቆሟትና በአንደኛው ወገን አሮጌውን አምፖል መልሰው ተከሉ፤ በሌላው ወገን አዲሱን ተዉት። ከዚያም አጭሩን መብራት አብርተው «እስቲ ግድግዳውን አንብብ» አሉት።

አሮጌው አምፖል በግድግዳው ላይ የጣለው ብርሃን ቢጫና ደካማ ነበር፤ ሆኖም ቅርጽ ነበረው። ከላይ በቢላዋ የተቈረጠ ይመስል ቀጥ ያለ ጠርዝ አለው፤ ከጠርዙ በታች ብርሃን፥ ከጠርዙ በላይ ጨለማ ነው። በቀኝ በኩል ብቻ ጠርዙ ወደ ላይ ከፍ ይላል። አዲሱ አምፖል የጣለው ግን እንደ ፈሰሰ ወተት ወደ ላይም ወደ ታችም ተበትኖ፥ እስከ ቆርቆሮው ጣሪያ ድረስ ወጥቷል። «ይህ ከላይ ያለው ለማን ነው የሚያበራው? ለአይሱዙው ሾፌር ነዋ!» አሉ ሽማግሌው።

ጉዳዩ እንዲገባን ያስረዱንን፥ እኛም በኋላ ከመጻሕፍት ያመሳከርነውን እዚህ ላይ ዘርዘር አድርገን እንጽፋለን፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው።

የመኪና የፊት መብራት ማለት አምፖሉ ብቻ አይደለም። አምፖሉ፥ ከኋላው ያለው አንጸባራቂ ሳህንና ከፊቱ ያለው መስታወት፥ ሦስቱ አብረው የተለኩ አንድ መሣሪያ ናቸው። በወዳጃችን ኮሮላ ላይ ያለው ኤች 4 የተባለው የሃሎጅን አምፖል ነው፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ወጥቶ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ መኪና ላይ ይሠራል። በውስጡ ሁለት ክሮች አሉት። ለረጅሙ መብራት የሚያገለግለው ክር በሳህኑ የብርሃን ማዕከል ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ሳህኑ በሙሉ ብርሃኑን ሰብስቦ ሩቅ ይወረውረዋል። ለአጭሩ መብራት የሚያገለግለው ክር ግን ከማዕከሉ ትንሽ ወደ ፊት ወጣ ብሎ የተተከለ ነው፤ ርዝመቱም ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከሥሩ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያለች ትንሽ ብረት አለች። የዚህች ብረት ሥራ ብርሃኑ ወደ ሳህኑ የታችኛው ግማሽ እንዳይወርድ መከልከል ነው። ወደ ላይኛው ግማሽ የሚሄደው ብርሃን ተንጸባርቆ ወደ መንገዱ ይወርዳል፤ ወደ ታችኛው ግማሽ የሚሄደው ግን ባይከለከል ኖሮ ተንጸባርቆ ወደ ላይ፥ ይኸውም ወደ መጪው ነጂ ዐይን ይሄድ ነበር። በግድግዳው ላይ ያየነው ቀጥ ያለ ጠርዝ የዚህች ትንሽ ብረት ጥላ ነው ለማለት ይቻላል። በቀኝ በኩል ከፍ የሚለውም የብረቷ አንዱ ጠርዝ 15 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ ስለ ተሠራ ነው፤ በዚህ ምክንያት መጪውን ሳይነካ በመንገዱ ዳር ያለውን እግረኛ ከሩቅ ያሳያል።

እንዲህ ያለው ብልሃት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። የአሜሪካው ካዲላክ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ መብራት ከመኪናው ሞተር ማስነሻ ጋር አጣምሮ ያወጣው በ1912 እ.ኤ.አ. ነበር። ሁለት ክር ያለውን አምፖል የጀርመኑ ኦስራም በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. «ቢሉክስ» ብሎ አወጣ፤ ከዚያ በፊት ነጂው መጪውን ላለማሳወር ብዙ ጊዜ መብራቱን ያደበዝዝ ወይም ያጠፋ ነበር። ወደ አንድ ወገን ከፍ የሚለው አጭር መብራት በአውሮፓ መንገዶች ላይ የተስፋፋው ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ነው። የሰው ልጅ አንድን መብራት ለማጠንከር ከደከመው ይልቅ፥ መጪውን እንዳይጎዳ ለማድረግ የደከመው ይበልጣል ያሰኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። አገራችን ከግራ ወደ ቀኝ መንጃ የተዛወረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። እንደ ጃፓንና እንደ እንግሊዝ በግራ በኩል ለሚነዱ አገሮች የተሠራ የፊት መብራት ከፍ የሚለው ጠርዙ በግራ በኩል ነው። እንዲህ ያለውን ያገለገለ መብራት ገዝቶ እዚህ የሚገጥም ሰው፥ ምንም እንኳ አምፖሉ የፋብሪካ ቢሆን፥ ያን ጠርዝ ቀጥታ በመጪው ነጂ ዐይን ውስጥ ይተክለዋል። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት ይህን ቢጠይቅ አይጎዳም።

ወደ ኤል ኢ ዲው እንመለስ። ወዳጃችን የገዛው አምፖል ክር የለውም። ብርሃን የሚሰጡት ቅንጣቶች በአንድ ጠፍጣፋ ሳንቃ ግራና ቀኝ ተለጥፈዋል። ሳንቃው ውፍረት አለው፤ ስለዚህ ብርሃኑ የሚነሣው ክሩ ሊኖርበት ከሚገባው ነጥብ ሳይሆን ከጎኑ ነው። ክር በዙሪያው ሁሉ ያበራል፤ ቅንጣቶቹ ግን በሁለት ወገን ብቻ ያበራሉ። ሳህኑ ደግሞ የተለካው ለክሩ ነው፤ በሚሊ ሜትር የሚቈጠር መዛነፍ እንኳ መንገዱ ላይ ሲደርስ በብዙ ሜትር ይገለጣል። እንግዲህ የኤል ኢ ዲ ብርሃን በራሱ ክፉ ነው አላልንም፤ ከፋብሪካው ጀምሮ ለኤል ኢ ዲ ተብሎ የተሠራ የፊት መብራት ከሃሎጅኑ የሚሻልበት ብዙ ነው። በጀርመን አገርም ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሃሎጅን ቦታ የሚተከሉ የተፈተኑ የኤል ኢ ዲ አምፖሎች ተፈቅደዋል፤ ነገር ግን የተፈቀዱት አንድ በአንድ ተመርምረው በዝርዝር ለተጻፉ የመኪና ዓይነቶች ብቻ ነው። ይህ የሚያስረዳን አምፖሉ ጥሩ መሆኑ ብቻውን እንደማይበቃና ከሳህኑ ጋር መስማማት እንዳለበት ነው።

በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርስ? አንድ የኤች 4 አምፖል በአጭሩ መብራት የሚሰጠው 1,000 ሉመን ያህል፥ በረጅሙ 1,650 ሉመን ያህል ነው። 20,000 የሚለውን ለሽማግሌው ስናነብላቸው «ካርቶኑ አያበራም» ብለው ዘጉት። ኬልቪን የሚለው ደግሞ የብርሃኑን መጠን ሳይሆን ቀለሙን የሚናገር ነው። የተለመደው የሃሎጅን ብርሃን 3,200 ኬልቪን ገደማ ስለ ሆነ ቢጫ ይመስላል፤ 6,000 ሲደርስ ወደ ሰማያዊነት ያደላል። ይህ ነጭና ሰማያዊ ብርሃን ብዙ ያሳየን ይመስለናል፤ መጪውን ነጂ ግን ከቢጫው ይልቅ ይቈጠቍጠዋል። ብርጭቆውን ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ «ዜኖን መሳይ» እያሉ የሚሸጡት ሃሎጅንማ ጭራሽ ከብርሃኑ ከፊሉን ቀለሙ ስለሚያስቀርበት ከተራው ያነሰ ነው የሚያበራው።

አሁን ወደ ባላገሩ ጥያቄ እንምጣ። ያን ሁሉ መብራት ይዘን እንዴት አጣነው?

አንደኛው ምክንያት አይሱዙው ነው፤ አይሱዙውን ያስቈጣነው ግን እኛው ነን። ኀይለኛ ብርሃን በዐይን ውስጥ ሲገባ ተበትኖ እንደ ስስ መጋረጃ ይሆናል፤ በመጋረጃው ማዶ ያለው ደብዛዛ ነገር ሁሉ ይጠፋል። ብርሃኑ ካለፈ በኋላም ዐይን ወዲያው አይመለስም። ሦስት ሰከንድ ብቻ ቢጨልምብን፥ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምንሄድ ከሆነ 50 ሜትር በጭፍን ተጕዘናል ማለት ነው። ለሽማግሌ ሰው ደግሞ ይብሳል፤ በ60 ዓመት ዕድሜ ያለ ሰው ዐይን ውስጠኛው ክፍል የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ወጣት ዐይን ከሚደርሰው ወደ አንድ ሦስተኛው ይወርዳል። ወጣቱ የተከለው አምፖል በአባቱ ዕድሜ ላለው ሾፌር ምን እንደሚሆን ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሁለተኛው ምክንያት ግን የበለጠ አስገረመን፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ጥቅም መስሎ ስለሚታይ ነው። ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር የተነጠፈው ነጭ አንሶላ ራሱ ነበር ያታለለን። ዐይን ከፊቱ ባለው በጣም የበራ ቦታ ልክ ራሱን ያስተካክላል፤ የዐይን ብሌን ይጠባል። በዚህ ጊዜ 60 ሜትር ርቆ ያለው ጨለማ የባሰ ይጨልማል። አስፋልቱን በ10 ሜትር ላይ አጥርተን በማየታችን መንገዱን ያየን መሰለን፤ በዚያ ፍጥነት ለሚነዳ ሰው ግን 10 ሜትር ላይ ያለው ነገር አንድ ጊዜ ካለፈ ጉዳይ ይቈጠራል፤ ብናየውም የምናደርገው ነገር የለም።

እስቲ እናስላው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ነጂው አይቶ፥ አስቦ፥ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 33 ሜትር አለፈ። ከዚያ በደረቅ አስፋልት ላይ በደኅና ጎማ ለመቆም ሌላ 35 ሜትር ያህል ያስፈልጋል፤ በጠቅላላው ወደ 70 ሜትር ይጠጋል። በትክክል የተስተካከለ አጭር መብራት በየ100 ሜትሩ አንድ ሜትር ያህል ወደ ታች ዝቅ እንዲል ይደረጋል። መብራቱ ከመሬት 65 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፥ የብርሃኑ ጠርዝ አስፋልቱን የሚነካው በ65 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ በአጭር መብራት 80 መንዳት ማለት ከሚታየው ርቀት በላይ መንዳት ነው፤ ወደ 60 ሲወርዱ ግን መቆሚያው ወደ 45 ሜትር ያጥራል። ብርሃን በማብዛት ይህን ሒሳብ ማሸነፍ አይቻልም፤ ብርሃን ርቆ በሄደ መጠን ስለሚሳሳ፥ መብራቱ እጥፍ ቢሆን እንኳ የማያው ርቀት እጥፍ አይሆንም። በ100 ሜትር የነበረውን ያህል ብርሃን የምናገኘው በ141 ሜትር ላይ ብቻ ነው። እጥፍ ለማራቅ አራት እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል።

«እንግዲያው በጧፌ ልኑር?» አለ ወዳጃችን። ሽማግሌው የጠበቁት ይህን ነበር መሰለን፥ ያን ጊዜ ኮፈኑን አስከፈቱት። ሞተሩን አስነሥተው የቮልት መለኪያቸውን በባትሪው ላይ ሲያሳርፉ 13.8 ቮልት አሳየ። ከዚያ በአምፖሉ መሰኪያ ላይ ሲለኩ 11.9 ሆኖ ተገኘ። «ጎዶሎው የት ገባ?» ብለው ጠየቁን። የገባው በአሮጌው ሽቦ፥ በዛገው ማያያዣና በማብሪያው ውስጥ ነው። በዚያ መኪና ላይ ለመብራቱ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በሙሉ በቀጭን ሽቦ እስከ መሪው ማብሪያ ሄዶ ይመለሳል፤ በዕድሜ ብዛት መገናኛዎቹ ሁሉ ትንሽ ትንሽ እየቀነሱ ይበሉታል።

ሁለት ቮልት የማትሞላ ጎዶሎ ምን ታደርጋለች ይባል ይሆናል። የክር አምፖል ብርሃን ግን ከቮልቱ ጋር እኩል አይደለም የሚቀንሰው፤ እጅግ ፈጥኖ ይወርዳል። ቮልቱ 10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በወዳጃችን መኪና ላይ በታየው ልክ ሲሰላ፥ ከአምፖሉ ሊወጣ ከሚገባው ብርሃን 40 በመቶ የሚሆነው መንገድ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ያ የተረገመው «ጧፍ» አምፖሉ ደክሞ ሳይሆን ምግቡን ተከልክሎ ኖሯል።

መድኀኒቱም እንደ በሽታው ቀላል ነበር። ሽማግሌው ከባትሪው አጠገብ በፊውዝ አድርገው ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ወደ መብራቶቹ ሳቡ፤ በመካከል ሁለት ሪሌ አገቡ። አሮጌው ማብሪያ ከእንግዲህ ሪሌውን ብቻ ያዛል እንጂ ሸክሙን አይሸከምም። ከመብራቱ ወደ መኪናው አካል የሚታሰረውን የመመለሻ ሽቦም ፈትተው ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው አጥብቀው አሰሩት። ከዚያ የታወቀ ፋብሪካ የሠራቸው ሁለት አዳዲስ የሃሎጅን አምፖሎች ተተከሉ፤ 60/55 ዋት፥ መኪናዋ የተሠራችበት ልክ። አንዱ ሲቃጠል ሁለቱን አብሮ መለወጥ እንደሚበጅና የአምፖሉን ብርጭቆ በጣት መንካት እንደማይገባ ነገሩን፤ የጣት ወዝ ያረፈበት ቦታ ከመጠን በላይ ግሎ አምፖሉን ያሳጥረዋል። ከተነካም በአልኮል መጥረግ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ በመሰኪያው ላይ ሲለኩ 13.5 አሳየ። የወጣው ገንዘብ ሁሉ ተደምሮ ከኤል ኢ ዲዎቹ ዋጋ ግማሽ አልሞላም።

አንዳንዶች ሽቦውን ሳይነኩ 100 ዋት አምፖል ይተክላሉ። ሁለት የ55 ዋት አምፖሎች ከ12 ቮልት ባትሪ የሚስቡት 9 አምፔር ገደማ ነው፤ ሁለት የ100 ዋቶቹ ግን ወደ 17 አምፔር ይጠጋል። አሮጌው ሽቦ ይህን ሊሸከም አይችልም፤ መሰኪያው ይቀልጣል፥ አንዳንዴም ከዚያ የባሰ ይሆናል። «50 በመቶ ይጨምራል፥ 100 በመቶ ይጨምራል» ተብለው የሚሸጡት የታወቁ ፋብሪካዎች ሃሎጅኖች ግን ሌላ ነገር ናቸው። ዋታቸው ያው 55 ነው፤ ክራቸው ጠበቅ ብሎ ስለ ተሠራ ብርሃኑን በመንገዱ ላይ በአንዳንድ ነጥቦች ይሰበስቡታል። በመቶኛ የተጻፈው ጭማሪም ስለ እነዚያ ነጥቦች እንጂ ስለ ጠቅላላው ብርሃን አይደለም። ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ይህን አውቆ የሚገዛቸው ሰው ግን አልተታለለም።

አዲሶቹ መኪኖች የፊት መብራታቸው ክዳን ፕላስቲክ ስለ ሆነ ሌላ በሽታ አላቸው። ፀሐይ ለብዙ ዓመት ስትመታው ይቢጫል፥ ይደበዝዛል፤ ብርሃኑን ከመቀነሱም በላይ ይበትነዋል። ባለ ቪትዝ ወይም ባለ ያሪስ የሆነ አንባቢ አምፖል ከመግዛቱ በፊት ክዳኑን በቀን ብርሃን ይመልከት። በውሃ እየራሰ በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎና አለስልሶ መከላከያ ቅብ መቀባት ብዙ ጊዜ ከአዲስ አምፖል ይበልጥ ይጠቅማል። በጥርስ ሳሙና መፈተግም ለጥቂት ሳምንት ይረዳል፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅበትም።

ወደ መጨረሻው ላይ ሽማግሌው እንደገና ወደ ግድግዳው መለሱን። መኪናዋ በደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳው አምስት ሜትር ርቃ ቆመች። የመብራቱን እምብርት ከፍታ ከመሬት ለክተው ያንኑ በግድግዳው ላይ በጠመኔ አሰመሩ፤ ከዚያም የብርሃኑ ጠርዝ ከመሥመሩ አምስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ድረስ ከመብራቱ ጀርባ ያለችውን ብሎን አዞሩ። ይኸው ነው፤ ማንም ሰው በራሱ ግቢ ሊያደርገው ይችላል። «ግን ሰኞ ስትመለስ ምን ጭነህ ነው?» ብለው ጠየቁት። እናቱ ሁልጊዜ ጤፍ እንደሚጭኑለት ያውቃሉ። ከኋላ አንድ ኩንታል ሲጫን የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል፤ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ብትነሣ ያ ሁሉ ማስተካከል ተሻረ፥ ጠርዙም ወደ መጪው ዐይን ወጣ ማለት ነው። በብዙ መኪኖች ከመሪው አጠገብ ከ0 ጀምሮ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ መቆጣጠሪያ ያለችው ለዚህ ነው፤ ጭነት ሲኖር ቁጥሩን ከፍ ሲያደርጉት ብርሃኑ ዝቅ ይላል። መኪና ካላቸው የሥራ ጓደኞቻችን አምስቱን ጠይቀን ነበር፤ ሦስቱ መቆጣጠሪያዋ ምን እንደምትሠራ አያውቁም፥ አንዱ የራዲዮ መስላው ኖራለች።

በሚቀጥለው ወር በዚያው መንገድ እንደገና አብረነው ሄድን። መብራቱ እንደ በረዶ አልነጣም፤ ቢጫ ነበር። ብልጭ ያደረገብን መኪና አልነበረም። ሸኖን አልፈን አንድ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው በቀኝ ዳር ሲሄድ ከሩቅ አየነው፤ ወዳጃችን ሳይቸኩል ፍጥነቱን ቀንሶ ሰፊ ቦታ ሰጠው። ጥቂት ቈይቶ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሌላ ሰው አለፍን፤ እሱን ያየነው ግን በጣም ከቀረብን በኋላ ነው። በአንድ መብራት፥ በአንድ መንገድ፥ የልብሱ ቀለም ብቻ ይህን ያህል ልዩነት አደረገ። ወዳጃችን ይህን ካየ በኋላ ሳይናገር ከ70 ወደ 55 ወረደ።

የኤል ኢ ዲ አምፖሎቹን የሸጠለት ነጋዴ መልሶ አልወስድም አለው። ወዳጃችን አልጣላቸውም። አንደኛውን ካረጀ የመኪና ባትሪ ጋር አያይዞ በእናቱ ግቢ ጥግ መብራት ለሚጠፋበት ማታ ሰቀለው። እናቱ ሦስት ቀን ታግሠው በአራተኛው ደወሉለት፤ ዶሮዎቹ የነጋ እየመሰላቸው ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም፥ ስለዚህ መጥቶ እንዲያወርደው ነው።